ምክር ስንት ያወጣል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሐሙሲትን የሚያውቃት በአብዛኛው በመኪና መስኮት ነው። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነስ ያደርጋል፣ ባጃጆች ይሻማሉ፣ ከተማዋ ታልፋለች። ትንሽ ቆይቶ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈልና አንደኛው ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን ይያያዘዋል። ሐሙሲት በደራ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ከበታቿ የሩዝ ሜዳ፣ ከበላይዋ የጤፍና የድንች ደጋ፣ ከጎኗ ደግሞ ትልቅ ከተማ አላት። ይህ ምዕራፍ ስለ ትልቁ ከተማ ጎረቤትነት የሚለው ነገር አለው፤ መጀመሪያ ግን ሩዙን እናንሳ።

በደራ ወይም በፎገራ የሩዝ መፈልፈያ ያለው አንድ ሰው እናስብ። ቅሬታው አንድ ነው፦ ሩዙ ይሰበራል። ሙሉ ፍሬና ስባሪ ገበያ ላይ እኩል አይታዩም፤ ስባሪ የበዛበት ሩዝ ከውጭ ከሚገባው ጎን ሲደረደር ዋጋው ይወርዳል። ሰውየው ማሽኑን እየረገመ አዲስ የሚገዛበትን ገንዘብ ያፈላልጋል። ሩዝ የሚያውቅ ሰው ቢያማክር ግን ወሬው ከማሽኑ ላይጀምር ይችላል። ያልተፈለፈለ ሩዝ ወደ መፈልፈያው ሲገባ እርጥበቱ 14 በመቶ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። መሬት ላይ ተሰጥቶ ከልክ በላይ የደረቀ ወይም ከደረቀ በኋላ ተመልሶ የራሰ ፍሬ ገና ማሽን ሳይነካው ውስጡ ይሰነጠቃል። ያንን ፍሬ ውድ የተባለ መፈልፈያም ቢሆን መልሶ ሙሉ አያደርገውም። ሰውየው የሚያስፈልገው የእርጥበት መለኪያና ደህና የማስጫ ቦታ ሆኖ ሳለ በብድር ማሽን ሊገዛ ነው ማለት ነው።

ይህን የሚነግረው ማን ነው? ማሽን ሻጩ አይነግረውም፤ እንጀራው ማሽን መሸጥ ነው። ጎረቤቱ ያለው ባለ መፈልፈያ ያንኑ ችግር ታቅፎ ተቀምጧል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም ይመክራል፤ ነዶው አውድማ ከገባ በኋላ ያለው ጉዳይ የእሱ ሥራ ተደርጎ እምብዛም አይታይም። የጎደለው ሰው ሌላ ዓይነት ነው፦ እህል የማያመርት፣ ዕቃ የማይሸጥ፣ የነጋዴውንና የአምራቹን ችግር ሰምቶ፣ መርምሮ፣ መላ ፈልጎ በዚያ የሚከፈለው።

እንዲህ ያሉት ሰዎችና ድርጅቶች በኢኮኖሚ ጥናት ውስጥ ዕውቀት ተኮር የንግድ አገልግሎት ሰጪዎች ይባላሉ። የሒሳብ አዋቂው፣ ኦዲተሩ፣ ጠበቃው፣ አማካሪ መሐንዲሱ፣ ሶፍትዌር ሠሪው፣ ገበያ አጥኚው፣ ናሙና መርማሪው ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢያን ማይልስና ባልደረቦቹ ለአውሮፓ ኮሚሽን ባዘጋጁት ጥናት እነዚህን ሙያዎች በአንድ ስም ሰብስበው አቀረቡ። እስከዚያ ድረስ ፈጠራ ሲባል የሚታሰበው ፋብሪካና ቤተ ሙከራ ነበር፤ አገልግሎት ሰጪው ሌላው የፈጠረውን ተቀብሎ የሚጠቀም ተደርጎ ይታይ ነበር። ጥናቱ ሥዕሉን ቀየረው። እነዚህ ባለሙያዎች አዲስ ቴክኖሎጂን ቀድመው ይጠቀማሉ፣ ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ይዘውት ይዞራሉ፣ አንዳንዴም አዲሱን ነገር ራሳቸው ይፈጥሩታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ኤማኑኤል ሙለርና አንድሪያ ዜንከር በፈረንሳይና በጀርመን ክልሎች ያሉ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶችን ከእነዚህ አገልግሎት ሰጪዎች ጋር አገናኝተው አጠኑ። ያገኙት ነገር ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ እንደሚገፋፉ ነው፤ ደንበኛው ይሻሻላል፣ አማካሪውም ከደንበኛው ተምሮ ለሚቀጥለው ደንበኛ የተሻለ ሆኖ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ለእኔ ዋናው የመጨረሻው ነው። መጽሐፍ ዕውቀት ይይዛል፣ ዩኒቨርሲቲም ይይዛል። ባለ መፈልፈያው ግቢ ገብቶ፣ አንድ እፍኝ ሩዝ አንስቶ፣ «ይሄን መቼ ነው ያሰጣችሁት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ሌላ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ጥያቄ ሌላ ግቢ ይጠይቃል። ሃያኛው ግቢ ሲደርስ በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ የደራን ሩዝ ያውቃል። የአካባቢ ልማት የሚባለው ነገር ከመንገድና ከመብራት ቀጥሎ በእንዲህ ዓይነት ሰው መኖርና አለመኖር ይወሰናል ብዬ አምናለሁ። ደቡብ ጎንደር ደግሞ ይህን የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉት፤ አንዱ በደጋው፣ አንዱ በሜዳው።

የደጋው ታሪክ ጋፋት ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለው በዚህ ኮረብታ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለ እጆችን አስፍረው ነበር። አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ሚስዮን የመጡ፣ ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር እንዲያስተምሩ የተላኩ ወጣቶች ናቸው፦ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን። ንጉሡ ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉ። መጀመሪያ ትንንሹን ሥራ፣ ኋላ መንገድና ሠረገላ፣ በመጨረሻም መድፍ አዘዙ። ሰዎቹ መድፍ አፍሳሾች አልነበሩም፤ አናውቅም ብለው ተማጸኑ። ቴዎድሮስ «አናውቅም»ን የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። ስለዚህ ተሞከረ፣ ከሸፈ፣ እንደገና ተሞከረ። ማዕድን ማቅለጥ የሚያውቀው ፖላንዳዊ ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ተጨመሩበት። ውጤቱ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው።

ጋፋትን ብዙ ጊዜ የምናነሳው እንደ ቁጭት ወይም እንደ ጀብዱ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን በውስጡ ያለው የሥራ ሒደት ነው። እዚያ ኮረብታ ላይ የተሠራው ከአውሮፓ የተቀዳ ነገር አልነበረም፤ አውሮፓ ውስጥ እነዚያ ሰዎች መድፍ አፍስሰው አያውቁም። ዕውቀቱ የተወለደው እዚያው ነው፤ ትእዛዙን በማያስቀር ደንበኛና መልሱን ገና በሚፈልግ ባለሙያ መካከል፣ በአካባቢው አፈር፣ በአካባቢው ከሰል፣ በአካባቢው ሰው ጉልበት። ማይልስና ጓደኞቹ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ የሚጽፉት ዓይነት ነገር በጋፋት እቶን ሥር ተከናውኗል።

ቴዎድሮስ ራሳቸውም የሚፈልጉት ነገር ምን እንደሆነ በደንብ ገብቷቸው ነበር። በ1858 ዓ.ም. ሚስዮናዊውን ፍላድን ሚስቱንና ልጆቹን መያዣ አስቀርተው ወደ እንግሊዝ ሲልኩት የጠየቁት የተሠራ መድፍ አልነበረም፤ መሥራት የሚያውቁ ሰዎችና መሥሪያ መሣሪያ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥትም ባለሙያዎቹን ከነመሣሪያቸው እስከ ምጽዋ ላከ። ቴዎድሮስ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ሳይፈቱ ወደ ላይ አይወጡም ተባለና ወራት ጠብቀው ወደመጡበት ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የመጣው እስረኞቹን ለማስፈታት የተላከው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒር ጦር ነው።

ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር የተነሳው በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ነው። መንገዱ ፊት ፊቱን እየተቆፈረና እየተደለደለ፣ መድፉም በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሰዉ። የጋፋት ሰዎች ከናፒር ጦር ጋር ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ ብሎ መከተል ያስፈልጋል። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄደ፤ በ1873 እ.ኤ.አ. ብሩማና በተባለችው የተራራ ከተማ ትምህርት ቤት መሠረተ፤ በዕድሜው ማምሻም ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ሆል ያፋ ገብቶ ኖረ። ደብረ ታቦር ግን ምን ቀራት? በጋፋት ወጣቶች ሙያ እንዲማሩ ተደርጎ ነበር፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ሲሠሩ አይተዋል። ያ ሁሉ ግን የተደራጀው ለአንድ ደንበኛ ነበር። ባለሙያዎቹ ለነጋዴ፣ ለገበሬ፣ ለሸማኔ እንዲሠሩ ማንም አልፈለገም፤ ቢፈልጉም የንጉሡ ንብረት ነበሩ። ሁለተኛ ደንበኛ የሌለው ዕውቀት አንደኛው ደንበኛ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። የጋፋት ስም ዛሬ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም በር ላይ አለ፤ ከእቶኑ እስከዚህ በር የሚያደርስ የባለሙያ ሐረግ ግን የለም።

የሜዳው ታሪክ ይበልጥ ዝግ ያለና፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ቦታው ከሐሙሲት ብዙም አይርቅም፤ ደራ ውስጥ ያለች ጅግና ናት። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግና እና በፎገራዋ ሻጋ ባሉ የገበሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አስጀመሩ። የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ሲሞሉ ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፤ ጤፍ ውኃ ሲተኛበት ይጎዳል፣ ሩዝ ደግሞ ይወደዋል። ሐሳቡ ልክ ነበር፣ አገባቡ ግን የትእዛዝ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ማኅበራቱ በየቦታው ፈረሱ፣ ኮሪያውያኑም አልነበሩም። በጋፋት ሥርዓት ቢሆን ሩዙም እዚያው ማብቃት ነበረበት።

አላበቃም። ገበሬው ዘሩን ወደየማሳው ይዞት ሄደ። ዛሬ በሜዳው በስፋት የኖረው ዝርያ ኤክስ-ጅግና ይባላል፤ የማኅበሩ ስም በዘሩ ላይ ቀርቷል። ሩዙ ሲነሳ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ አንዱ መሬት በዓመት ሁለቴ ያበላል። ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ሩዝ ለማያውቅ ቤት ሩዝን እንጀራ አድርጎ ማስገባት የትኛውም የምርምር ጣቢያ በዕቅድ ያልያዘው፣ በየጓዳው ሴቶች ሞክረው ያመጡት ፈጠራ ነው።

በመካከሉ ግን አንድ ሥራ ነበር፤ መፈልፈል። ቅርፊቱ ያልወለቀ ሩዝ ሸቀጥ አይደለም። መፈልፈያዎቹ በወረታና በዙሪያዋ እየበዙ ሲሄዱ ባለቤቶቻቸው ከፈልፋይነት አለፉ። ገበሬው እህሉን እዚያ ያስቀምጣል፣ ገዢ ከሩቅ ሲመጣ እዚያ ይጠይቃል፣ ዋጋ እዚያ ይሰማል። ባለ መፈልፈያው ሳይታወቀው ግማሽ አማካሪ ሆኗል። የማን ሩዝ እንደሚሰበር፣ የትኛው ቀበሌ አፈር እንደሚቀላቅል፣ ገዢው ምን እንደሚል ያውቃል። ሁሉን ያያል። የማይሠራው አንድ ነገር ቢኖር ያየውን መሸጥ ነው። ለገበሬው «የአንተ ሩዝ የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ዋጋ አይቀበልም፤ ገበሬውም ለእንዲህ ዓይነት ወሬ ብር አይሰጥም። ወሬውም በነፃ ሲነገር በነፃ ይረሳል።

ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ ጃፓኖችም በዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅታቸው በጃይካ በኩል ረድተውታል። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ስለ እርጥበቱ፣ ስለ ስንጥቁ፣ ቀቅሎ አድርቆ ስለ መፈልፈል ጭምር አሳምረው ያውቃሉ። ታዲያ ለምን ከአጥር ውጪ ያለው መፈልፈያ ሩዝ ይሰብራል? ምክንያቱ የዕውቀት እጦት አይደለም፤ በማዕከሉና በመፈልፈያው መካከል ያለው መንገድ ሥልጠና የሚባል ነገር ብቻ መሆኑ ነው። ሥልጠና ሰውን ለሦስት ቀን ይሰበስባል፣ አበል ይከፍላል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ይበተናል። ሠልጣኙ ግቢው ተመልሶ የገጠመውን ልዩ ችግር የሚጠይቀው ሰው የለውም። ተመራማሪውም የሚገመገመው ባወጣው ዝርያና ባሳተመው ጽሑፍ እንጂ ስንት መፈልፈያ ስባሪ እንደቀነሰ ተቆጥሮ አይደለም።

አሁን ወደ ሐሙሲት እንመለስ። እንደ ሐሙሲት ባለ ከተማ ዕውቀት የሚሸጥባቸውን ቤቶች ፈልጎ ማግኘት አይከብድም፤ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠራቸውም እንጂ። ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ያለው የሕግ ጉዳይ ጸሐፊ አንዱ ነው። ባለጉዳዩ የወንድሙን ክፋት፣ የድንበሩን ድንጋይ፣ የአባቱን ኑዛዜ አንድ ላይ ያወራለታል፤ እሱ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ዳኛው የሚሰማውን ነቅሶ አውጥቶ በሕግ ቋንቋ ያስቀምጠዋል። ይህ ሰው ከከተማው ሰዎች ሁሉ ለአማካሪ ድርጅት በሥራው የሚቀርበው ነው። ስንሰማው ከደጃፉ ጫጫታ ጋር ስለተቀላቀለብን እንጂ ሙያው ጥልቅ ነው።

ሌላው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። እዚህ ነገሩ ይበላሻል። ባንክ ወይም የብድር ተቋም ቢዝነስ ፕላን አምጣ ይላል፤ ወጣቱ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይሄዳል፤ ከኮምፒውተሩ ውስጥ የሌላ ሰው ፕላን ይወጣል፤ ስምና አድራሻ ይቀየራል፤ ይታተማል። የዶሮ እርባታ ፕላን ውስጥ የበሬ መኖ ዋጋ ተረስቶ ቀረ እየተባለ ሲቀለድ ይሰማል። ጸሐፊውን አልወቅስም፤ የተጠየቀው ወረቀት ነው፣ የሰጠውም ወረቀት ነው። ጥፋቱ ጠያቂው ዘንድ ነው። ፕላኑን የሚቀበለው ወገን አንብቦ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» የማይል ከሆነ እውነተኛ አጥኚ በከተማው ገበያ የለውም። ቁጥሩን ገበያ ወርዶ የሚሰበስበው ሰው አንድ ሳምንት ይፈጅበታል፣ የሚገለብጠው ሩብ ሰዓት፤ ዋጋቸው በተበዳሪው ዓይን እኩል ነው።

ሒሳብ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፣ ግን ይበልጥ የተወሳሰበ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዩን በሦስት ደረጃ ከፈለ፤ በወቅቱ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነው ደረጃ «ሐ» ተባለ፣ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታም አልተጣለበትም። መዝገብ ከሌለ ግምት አለ። በ2009 ዓ.ም. ገማቾች በየሱቁ ዞረው የቀን ገቢ ሲገምቱ በአገሪቱ ብዙ ከተሞች የተነሳውን እሮሮ የሚያስታውስ ያስታውሳል። በዚያን ጊዜ ክርክሩ ሁሉ ግምቱ በዛ ወይስ አነሰ በሚለው ላይ ነበር። ባለ ሱቁ የሚገባውን ገንዘብ ራሱ የሚያውቅበት ደብተር ለምን እንደሌለው ብዙም አልተወራም።

መልሱ ደግሞ ስንፍና አይደለም። ደብተር መያዝ ራስን ማጋለጥ ነው ተብሎ ይፈራል። የሒሳብ ባለሙያ የሚፈለገው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፤ የሚፈለገውም ግብሩን እንዲያሳንስ ነው። በእንዲህ ዓይነት ግንኙነት ባለሙያው ደንበኛውን አይማርም፣ ደንበኛውም ከባለሙያው ምንም አይማርም። የትኛው ዕቃ እንደሚያተርፍ፣ ዱቤው ስንት እንደደረሰ፣ ማሽኑ በሰዓት ስንት እንደሚበላ የሚያሳየው ሒሳብ በዚያ መሐል ይጠፋል። በ2006 ዓ.ም. የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 ሲወጣና ዓለም አቀፉ የሪፖርት ደረጃ ሲመጣ ለሒሳብ ሙያ ትልቅ ገበያ ተከፍቷል፤ ሕግ ደንበኛ መፍጠር እንደሚችል ጥሩ ማሳያ ነው። ነገር ግን ያ ገበያ ባንኮችን፣ ኢንሹራንሶችንና ትልልቅ ድርጅቶችን ይከተላል፣ እነሱም አዲስ አበባ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው የባሕር ዳር ጎረቤትነት የሚመጣው። የክልሉ ትልልቅ የዕውቀት ቤቶች እዚያ ናቸው፦ ዩኒቨርሲቲው፣ የክልሉ ቢሮዎች፣ እንደ አማራ ዲዛይንና ቁጥጥር ሥራዎች ድርጅት ያሉ የምሕንድስና አማካሪዎች፣ ጠበቆችና ኦዲተሮች። ሐሙሲት ቅርብ በመሆኗ ትጠቀማለች ብለን እናስባለን። የሚጠቀመው ግን መሄድ የሚችለው ነው። ሚኒባስ ይዞ ሄዶ፣ ጉዳዩን አስረድቶ፣ ማታ የሚመለሰው ባለ ትልቅ ጉዳይ ደንበኛ ከተማውን ጥሎ ስለሚሄድ፣ ለቀሩት ትንንሽ ደንበኞች ሲል ቢሮ የሚከፍት ባለሙያ አይኖርም። ሩቅ ብትሆን ኖሮ አንዱ ጠበቃ፣ አንዱ ሒሳብ አዋቂ ግድ ሆኖበት ይከፍት ነበር። ደብረ ታቦር የዞን ከተማ በመሆኗና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ስላላት እንዲህ ያለ ሥር የመያዝ ዕድሏ የተሻለ ይመስለኛል። የሐሙሲት ዕጣ ደግሞ ለመንገዱ የቀረበች፣ ለምክሩ የራቀች መሆን ነው።

በሌላ አገር ይህን እንዴት ፈቱት? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የጣሊያኑ ኤሚሊያ-ሮማኛ ነው። ካርፒ በተባለች ከተማና በዙሪያዋ ሹራብ የሚሠሩ ትንንሽ የቤተሰብ ድርጅቶች ተሰብስበው ነበር። ከእነዚህ አንዳቸውም ብቻቸውን የፋሽን አጥኚ የመቅጠር አቅም አልነበራቸውም፤ የሚላኖና የፓሪስ አማካሪም ለእነሱ አይመጣም። በ1980 እ.ኤ.አ. ቺተር የሚባል ማዕከል ተቋቋመ። ክልሉ መነሻውን ረዳ፣ ድርጅቶቹም አባል ሆነው መዋጮ ከፈሉ። ማዕከሉ በመጪው ወቅት የሚፈለገውን ቀለም፣ ክርና ቅርጽ አጥንቶ ያቀርብላቸዋል፤ ኮምፒውተር በዲዛይን ሥራ ሲመጣም ትንንሾቹ ድርጅቶች በእሱ በኩል ለመዱት። ብልሃቱ መዋጮው ላይ ነው። የከፈለ ሰው ይቆጣል፤ የተቆጣ ደንበኛ ደግሞ አማካሪውን ያሠራዋል።

እኛ ዘንድ መንግሥት ያቆማቸው ተመሳሳይ ነገሮች አሉ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለአነስተኛና ጥቃቅን ተቋማት የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ሥራ ፈጠራን የሚያሠለጥን ማዕከልም አለ። ጥሩ ሥራ የሠሩ አሠልጣኞች እንዳሉ አውቃለሁ። ቅሬታዬ በነፃ መሆኑ ላይ ነው። በነፃ የሚመጣ አማካሪ ደንበኛውን የሚመርጠው በኮታ ነው፣ የሚሄደውም ሪፖርቱ ሲሞላ ነው፤ አንድ የግል የሒሳብ ባለሙያም እዚያው ከተማ ውስጥ በብር ልሥራ ቢል የሚወዳደረው ከነፃ ጋር ነው። የመጀመሪያውን ዓመት መንግሥት ቢደጉም፣ በሁለተኛው ግማሹን ደንበኛው ቢከፍል ባይ ነኝ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሳው ጦርነት ደግሞ ይህን ሁሉ አናግቶታል። መንገድ ይዘጋል፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። እህል ጎተራ ውስጥ ጠብቆ መንገድ ሲከፈት ይሸጣል። ምክር ግን አይከማችም፤ ያልሄደበት ቀን ያለፈ ቀን ነው። ባለሙያው ወጣት ስለሆነና ንብረቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሆነ ለመሰደድም እሱ ይቀድማል። ከፋብሪካና ከመጋዘን ጉዳት ይልቅ ይህ ጉዳት ቆይቶ ይታያል፣ ለመጠገንም ይዘገያል።

እንግዲህ ወደዚያው ባለ መፈልፈያ። ለምሳሌ ያህል በሐሙሲትና በወረታ መካከል ያሉ 20 ባለ መፈልፈያዎች በወር አንድ አንድ ሺህ ብር ቢያዋጡ 20 ሺህ ይሆናል፤ ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር የተመረቀ አንድ ጀማሪ ባለሙያ እዚያው ለማቆየት የሚያንስ አይመስለኝም። ባለ መፈልፈያዎቹ ይህን ሐሳብ ሲሰሙ የሚያነሱትን ጥያቄ መገመት ይቻላል፦ የመፈልፈል ሥራ ወቅት አለው፣ ሥራ በማይኖርበት ክረምት ለምን እንክፈል? እውነት ነው። ሩዙ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ባለሙያው ከግቢ ግቢ እየዞረ እርጥበት ይለካል፣ ማስጫውን ያያል፣ ስባሪውን በኪሎ ይመዘግባል። ክረምት ሲገባ መፈልፈያው ይዘጋል። የግብር ማሳወቂያው ጊዜ ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ ለትልልቆቹ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይቆያል፤ ባለሙያው መለኪያውን አስቀምጦ በበጋ የመዘገበውን ደብተር ለሒሳብ ሥራ የሚከፍተው ያን ጊዜ ነው።